የዘይነባ ኬላ

እኔ መፈተሽ ብርቄ አይደለም። ከሚኤሶ እስከ ሂርና በዚያ በደርግ ጊዜ ስንት ኬላ እንደነበረ ጠይቁኝ፤ ቆጥሬ ሳይሆን ተዳብሼ ነው የማውቀው። ጭነት መኪና ላይ ተንጠላጥዬ ስመላለስ ፊናንስ ፖሊስ ያልነካው ጉበቴን ብቻ ነው፤ እሱንም ስለቸኮሉ ነው። አንዴ ሰባት የኮንትሮባንድ ሸሚዝ ደራርቤ ለብሼ ሚኤሶ ላይ ያዙኝ። በሚኤሶ ሐሩር! ዶሮ እንቁላሏን ጥላ ዞር ስትል ተጠብሶ የምታገኝበት አገር! «ምነው ይህን ሁሉ ለበስክ?» ቢሉኝ «ብርድ ብርድ ይለኛል» አልኩ። ላቤ ግን ጫማዬ ውስጥ እየተንቦጫረቀ አጋለጠኝ።

ያ ሁሉ ኬላ ተሰብስቦ የዘይነባን ኬላ አያክልም።

የዘይነባ ኬላ አሰበ ተፈሪ ነው ያለው። ባሏ ሸምሱ ልብስ ከሚሰፋበት በረንዳ ጀርባ ያለችው የቤቷ በር ናት። ደፍ ላይ ቆማ «ቁም!» ትላለች። «ኪስህን ገልብጥ! እጅህን ዘርጋ!» የምትፈልገው ጠመንጃ እንዳይመስላችሁ። አንዲት ፍሬ ለውዝ ነው የምትፈልገው። አንዲት ዶቃ። አንዲት የሸሚዝ ቁልፍ። የቀበሌያችን የጥበቃ ኃላፊ ጓድ በቀለ ሽጉጡን እንደታጠቀ ገብቷል፤ በኪሱ የተገኘችው ከረሜላ ግን በር ላይ ቀርታለች።

ትስቃላችሁ አይደል? ሳቁ። ሴትየዋ ግን ከመሬት ተነስታ ፈታሽ አልሆነችም። ፈታሽ ያደረግኳት እኔ ነኝ፤ እኔ ቶላ።

ሸምሱና ዘይነባ ልጅ ያገኙት በተጋቡ በስምንት ዓመታቸው ነው። በስምንቱ ዓመት ያልተደረገ ነገር የለም። ሼኩ ዱአ አድርገውላቸዋል። ክርስቲያን ጎረቤቶች አሰቦት ገዳም ድረስ ወጥተው ተስለውላቸዋል። ሀያት ስትወለድ ሁለቱም ወገን «የኛ ነው የሠራው» እያሉ ሳምንት ሙሉ ተከራከሩ። እኔ አላገባሁም፣ ልጅ የለኝም፣ ስለት የሚሳልልኝም የለም። ስለዚህ የሰው ልጅ ማሳቅ ሥራዬ ሆነ።

ለማሳቅ ያለችኝ ጥበብ አንዲት ናት። ከሸምሱ የቁልፍ ቆርቆሮ አንድ የኮት ቁልፍ አነሳለሁ። ለሀያት አሳያታለሁ። አፌ ውስጥ ከትቼ ዋጥ! ዓይኔን አፈጣለሁ፣ አንገቴን እመታለሁ፣ ሆዴን አሻለሁ። ከዚያ ቀስ ብዬ ከቀኝ ጆሮዬ ቁልፉን አወጣዋለሁ። ቁልፉ እጣቶቼ መሀል ተደብቆ እንደነበር የአሰበ ተፈሪ አህያ ሁሉ ያውቃል። ሀያት ግን ሁለት ዓመቷ ነው፤ በኔ ላይ ጥርጣሬ የሚባል ነገር የላትም። እግሯ እስኪከዳት ትስቅና መሬት ላይ ዘጭ ብላ «ደሞ!» ትላለች። ደሞ አደርጋለሁ። «ደሞ!» በቀን ሠላሳ ቁልፍ የምውጥበት ጊዜ ነበር። አንዴ በሳቋ የሐረር መኪና ቆሟል ብል ታምናላችሁ? ሹፌሩ ጎማው የፈነዳ መስሎት።

አንድ ቀን ከሰዓት በኋላ ወደ ሸምሱ በረንዳ ስመጣ የስፌት መኪናው ጸጥ ብሏል። ጓድ በቀለ ለአብዮት በዓል ሰልፍ የሚለብሰው የካኪ ኮት መኪናው ላይ ተንጋሏል። ኮቱ ስድስት የነሐስ ቁልፍ ነበረው፤ አምስቱ ተተክለዋል። ሰዉ ሁሉ ጓዳ ውስጥ ነው። ሀያት ታለቅሳለች።

«ጆሮዋን ነው» አለችኝ ዘይነባ፤ ዓይኗ ቀልቷል። «ከቀትር ጀምሮ ቀኝ ጆሮዋን እየጎተተች ታለቅሳለች።»

የሸምሱ እናት አኮ ሀሊማ ዘይት አሙቀው በማንኪያ ይዘዋል። አኮ ማለት በኦሮምኛ አያት ማለት ነው፤ ሰፈሩ ሁሉ አኮ ይላቸዋል። አንዷ ጎረቤት «ነፋስ ነው የገባባት» ትላለች። ሌላዋ «ጉንዳን ነው» ትላለች። ሸምሱ ክብሪት ጭሮ ጆሮዋ ውስጥ ጉንዳን ይፈልጋል። ሀያት እኔን ስታይ ለቅሶዋን አቋረጠች። አፏን በሰፊው ከፈተች፤ ባዶ መሆኑን አሳየችኝ። ሆዷን አሸት አደረገች። ከዚያ ጆሮዋን ይዛ ሳበችና፣ ምንም ሳይወጣ ሲቀር፣ እሪ አለች።

ገባኝ። ልጅቷ ጆሮዋን አላመማትም። የኔን ጥበብ ሠርታ ግማሹ ነው እምቢ ያላት!

እውነት ልናገር፤ መጀመሪያ ያሰብኩት ለራሴ ነው። ብናገር ከዚያ ቤት መባረሬ ነው። ከሀያት ሳቅም መለየቴ ነው። ዝም ብል ደግሞ ሰዎቹ ዘይት በጆሮዋ እያፈሰሱ ቁልፉ በሆዷ ምን እንደሚሠራ ማን ያውቃል? አኮ ማንኪያውን ሲያዘነብሉ ጮህኩ።

«ተዉ! ጆሮ አይደለም! ቁልፍ ውጣለች!»

«ማን አስተማራት?» አለች ዘይነባ።

እጄ ወደ ቀኝ ጆሮዬ ሄደ። ጆሮዬን ብቻ አየችው፤ ገባት። ጫማዋ ከእግሯ መቼ ወጥታ ግንባሬ ላይ እንዳረፈች ዛሬም አላውቅም።

ከዚያማ ጉድ ሆነ። አንዷ «በእግሯ ስቀሏትና ጀርባዋን ምቱ!» አለች። አንዷ እጣቷን ጉሮሮዋ ልትሰድ እጅጌዋን ሰበሰበች። አንዷ ገበያውን ያህል ሙዝ ይዛ መጣች፤ ቁልፉን ገፍቶ ያወርደዋል ብላ። እኔ ሀያትን መንጭቄ ወደ ጤና ጣቢያ በረርኩ። ሸምሱ የልብስ ሜትሩን አንገቱ ላይ እንዳንጠለጠለ፣ ዘይነባ አንድ እግሯ ባዶ እንደሆነ፣ አኮ ሀሊማ «ያ ረቢ! ያ ረቢ!» እያሉ ከኋላችን። ያን ቀን የተከተለን ሕዝብ በቀበሌ ስብሰባም ታይቶ አይታወቅም። ግማሹ ቀይ ሽብር የመጣ መስሎት በር ዘግቷል።

ጤና ጣቢያው ውስጥ አንድ ቁስል አጣቢ ድሬሰር አለ፤ እኛ ዶክተር እንለዋለን፣ እሱም አይከለክለንም። የሀያትን አፍ በባትሪ አየ፤ ደረቷን አዳመጠ፤ ሆዷን ዳበሰ። እሷ ታለቅሳለች።

«ትጮሃለች?» አለ።

«አትሰማም እንዴ ዶክተር!» አለች ዘይነባ።

«የምትጮህ ልጅ አየር አላት። ምራቋን ትውጣለች፣ አትስልም፣ አላስመለሳትም። ቁልፉ ጉሮሮዋን አልፏል ማለት ነው። ክብ ነው፣ ለስላሳ ነው፤ መንገዱን ያውቀዋል። በደንብ ትብላ፣ ውኃ ትጠጣ። ሆዷን ካመማት፣ ካስመለሳት፣ ምግብ እምቢ ካለች ሳትውሉ ሳታድሩ አምጧት፣ ድሬዳዋ እንልካታለን። ጣት በጉሮሮዋ እንዳትሰዱ። ዘይት የለም፣ የሙዝ ክምር የለም። ፖፖዋን ብቻ ጠብቁ።»

ልንወጣ ስንል ኪሴን አየ። እንደ ሁልጊዜው በለውዝ ተወጥሯል።

«ይሄ ደግሞ?» አለ።

«ለውዝ ነው፤ ለሀያት የያዝኩት።»

ሰውየው ቁልፍ ሲባል ያልደነገጠው ለውዝ ሲባል ደነገጠ። ቁልፍ ወደ ሆድ ይወርዳል፤ ለውዝ ግን ልጅ እየሳቀ ሲበላው ወደ ሳንባ ይገባል፤ እዚያ ገብቶ ትንፋሽ ይዘጋል አለን። የሁለት ዓመት ልጅን ከቁልፉ ቆርቆሮ ይልቅ የኔ ኪስ ይገድላታል አለን። ለውዝ! በሐረርጌ! እንግዳ ሲመጣ ጫት ቀርቦ ለውዝ ካልተበተነ «ምን ቂም ቢይዙ ነው?» በሚባልበት አገር! በእያንዳንዱ ቤት ምንጣፍ ሥር አንድ ኩንታል ለውዝ አለ፤ ልጆቻችን የሚድኹት በላዩ ላይ ነው። ሸምሱ ወደ ቤቱ የተመለሰው ምንጣፍ ሊያራግፍ ነው።

ዘይነባ ደግሞ ፍርድ ሰጠች። «ቁልፉ እስኪወጣ የሀያትን ፖፖ የምትፈትሽ አንተ ነህ» አለችኝ። ይግባኝ የለም። እኔ፣ በኬላ ሁሉ የተፈተሽኩት ሰው፣ ፈታሽ ሆንኩ! በእንጨት። አፍንጫዬ ላይ ጨርቅ አስሬ።

የመጀመሪያው ቀን ምስር አገኘሁ። ጎረቤት በር ላይ ተኮልኩሎ «ወጣ?» ይለኛል። «ገና ነው» እላለሁ። ዘይነባ እንቅልፍ የላትም፤ ሀያት ባሰላች ቁጥር ብድግ ትላለች። ሸምሱ መኪናው ፊት ተቀምጦ ክር እንኳ አላስገባም። እኔም ቀን ለታይታ እየቀለድኩ ሌሊቱን በረንዳው ላይ አድራለሁ። ሀያት ብቻ ጆሮዋን እየጎተተች ትበላለች፣ ትጠጣለች፣ ትሮጣለች።

በሁለተኛው ቀን እንጨቴ አንድ ነገር ነካ። ክብ ናት። ታጠበች። ቀይ ዶቃ!

አኮ ሀሊማ አዩዋት፤ አንገታቸውን ያዙ። የአንገታቸው ዶቃ መሀሉ ከጎደለ ሰንብቷል። «ምራቴ ናት ወስዳ ሂርና ላለች እህቷ የላከችው» ብለው ነበር። ዘይነባም ተቀይማ፣ ሁለቱ በአንድ ቤት ውስጥ በሸምሱ በኩል ነበር የሚነጋገሩት። «ሸምሱ፣ እናትህን ጨው ያቀብሉኝ በልልኝ።» «ሸምሱ፣ ሚስትህን ጨው አልቋል በላት።» ሰውየው ልብስ ሰፊ መሆኑ ቀርቶ ስልክ ቤት ሆኖ ነበር።

አኮ ፖፖዋን አዩ፣ ዶቃዋን አዩ፣ ዘይነባን አዩ።

«ልጄ» አሉ፤ «ሌባዋን ወልደሽልኝ ኖሯል።»

ዘይነባ ልትኮሳተር ሞከረች፤ አልቻለችም። ተቃቅፈው ሳቁ፣ ከሳቁ መሀል አለቀሱ፣ ከለቅሶው መሀል እኔን ሰደቡኝ።

በሦስተኛው ቀን፣ ሰልፉ ሊጀምር ሲል፣ ጓድ በቀለ ኮቱን ሊወስድ በረንዳው ላይ ቆሞ ይንጎራደዳል። ጓዳ ውስጥ ፖፖው ቃጭ! አለ። እኔ እንጨቴን ወርውሬ በእጄ ነው የገባሁት፤ ምን ቸገረኝ? ዘይነባ እልል አለች። አኮ እልል አሉ። መንገዱ ላይ የሚያልፉት ሰርግ መስሏቸው አብረው እልል አሉ። እኔ ልጅቷን ተሸክሜ ስዘል ጓድ በቀለ «ለበዓሉ ነው?» ብሎ ጠየቀ። «ለበዓሉ ነው» አልነው።

ሸምሱ ቁልፉን በሳሙና አጠበ። ቀቀለ። በአመድ ፈተገ። እንደገና ቀቀለ። ከዚያ ኮቱ መሀል፣ ልብ ላይ፣ ተከለው። ጓድ በቀለ ሲለብሰው ቁልቁል አየና «ይሄኛው ከሌሎቹ ሁሉ ያበራል፤ ምን ብታደርገው ነው?» አለ። ሸምሱ ከጥርሱ መሀል መርፌውን አውጥቶ «ልዩ እጥበት ነው» አለ። ጓድ በቀለ ደረቱን ነፍቶ ከሰልፉ ፊት ሲያልፍ፣ ሀያት አባቷ ትከሻ ላይ ሆና ቁልፉን በጣቷ እያሳየች «ፖፖ! ፖፖ!» ብላ ጮኸች። ሰውየው ሰላምታ የሰጠችው መስሎት እጁን ወደ ቆቡ ሰደደ።

የዘይነባ ኬላ የቆመው በማግስቱ ነው። የቁልፍ ቆርቆሮው ከጣራው ማገር ላይ ተሰቀለ። የአኮ ዶቃ በጠንካራ ሲባጎ እንደገና ተሰካ። ለውዝ ከእንግዳ ፊት ተነሳ፤ ሰው መጀመሪያ አኮረፈ፣ በኋላ የሰፈሩ እናቶች ሁሉ ኬላ አቆሙ። እኔን በተመለከተ ግን ልዩ መመሪያ ወጣ። ሸምሱ የኮቴን ኪሶች አራቱንም በወፍራም ክር ሰፍቶ ዘጋቸው። ጥበቤንም ምዬ ተውኩ። ሀያት «ደሞ!» ስትለኝ ባዶ እጄን አሳያታለሁ። ያ ባዶ እጅ ከጫማው ይበልጥ ያመኝ ነበር።

ልጅቷ ታዲያ የእናቷን ሥራ ያዘች። በሩ ላይ ቆማ «ቁም!» ትለኛለች። ጉልበቴን ትዳብሳለች፤ ከዚያ በላይ አትደርስም። ተንበርክኬ እፈተሽላታለሁ። አንድ ቀን ከጆሮዬ ጀምራ ፈትሻኝ ስታበቃ «አ በል!» አለችኝ። አ አልኩ።

ስለ ፊት ጥርሴ ነግሬያችኋለሁ? አልነገርኳችሁም። ብር የለበሰ ጥርስ ነው፤ ድሬዳዋ ያስተከልኩት። ከተተከለ ጀምሮ እየተወዛወዘ፣ ነፋስ ሲነፍስ የሚያፏጭ። ሀያት ያዘችው። ሳበችው። ጥርሴ እጇ ላይ ቀረ።

አየችው። ያበራል። አፏን ከፈተች።

ከዚያ በኋላ ያለውን እጄ ነው የሠራው፣ እኔ የለሁበትም። ነጠቅኳት። የት ላድርገው? ወደ ኪሴ ሰደድኩ፤ ተሰፍቷል። ወደ ሌላው፤ ተሰፍቷል። ሀያት እጄ ላይ እየተንጠላጠለች ትታገለኛለች። ወደ አፌ መለስኩት። ይሄኔ ዘይነባ ከጓዳ ብቅ ብላ «ቶላ! አፍህ ውስጥ ምንድነው ያለው?» ብላ አምባረቀች።

ደነገጥኩ። ዋጥኩት። በዕድሜዬ ለመጀመሪያ ጊዜ የእውነት ዋጥኩ። «ጥርሴን ዋጥኩ!» ብዬ ጮህኩ።

ዘይነባ ግድግዳውን ይዛ እስክትቀመጥ ሳቀች። አኮ ሀሊማ «ይጮሃል? እንግዲህ አየር አለው» አሉ። ሸምሱ ገባና የሀያትን ፖፖ አምጥቶ፣ እንጨቱንም ጭምር፣ እግሬ ሥር በክብር አስቀመጠልኝ።

ሀያት ግን ወደ ፖፖው ዞር ብላም አላየች። ጉልበቴ ላይ ወጣች። ቀኝ ጆሮዬን ይዛ ውስጡን አየች። ከዚያ መዳፏን ከሥሩ ዘርግታ መጠበቅ ጀመረች።