እንግዳ ጀልባና ሽማግሌ

እንግዳ ስንት ቀን ሲያድር ነው ቤተኛ የሚባለው? ሰንራይዝ ማነር በሚባለው ሰፈር ባለችው አፓርታማችን ይህ ጥያቄ ተነስቶ አያውቅም። ለሳምንት ብሎ የመጣ ዘመድ ሶፋችን ላይ ዓመት ሲደፍን እማዬ ሌላ ብርድ ልብስ ትገዛለች፣ በቃ። መንግሥት ግን ቀን ይቆጥራል። በተለይ እንግዳው ጀልባ ከሆነ።

አዎ፣ ጀልባ። ከተማችን በረሃ ላይ ብትሆንም በመኪና ትንሽ ሲነዱ ትልቅ ሐይቅ አለ፤ ከካሊፎርኒያ የሚመጡ ባለጸጎች የመዝናኛ ጀልባቸውን እዚያ ያቆሙ ነበር፣ አባዬም ጀልባዎቹን እያጠበ በሰም ይወለውል ነበር። ታዲያ አዲስ ሕግ ወጣ፤ ከተወሰነ ቀን በላይ የሰነበተ እንግዳ ጀልባ እንደ አገሬው ታክስ ይክፈል ተባለ። ሕጉን ያወጡት ሰዎች ጀልባ በመኪና ተጎትቶ መሄድ እንደሚችል የረሱ ይመስለኛል። ባለቤቶቹ ግን አልረሱም። በረዶ የሚሸጠው ሱቅ ተዘጋ፣ ዓሣ የሚጠብሰው ቤት ተከተለው፣ የአባዬ ሺፍትም በሳምንት ሁለት ቀን ብቻ ሆነ። አለቃው ደግሞ ትልቁ ጀልባ፣ የሚስተር ሮን፣ ከሄደ ሥራው እንደሚያበቃ ነገረው።

አባዬ ምን አደረገ? ለሚስተር ሮን ሽማግሌ ላከ።

አትሳቁ። ጋሽ ኃይሉ ታክሲ ነጂ ናቸው፤ ሐጂ ሰይድ የወሎ ሰው፣ ካዚኖ በር ላይ የእንግዶችን መኪና ፓርክ የሚያደርጉ። ሁለቱ ገብተው ያላስታረቁት ባልና ሚስት የለም። አስተርጓሚዋ እኔ ሆንኩ፤ ክፍል ውስጥ ስሜ ሲጠራ እንኳ ላብ የሚያጠምቀኝ እኔ።

ሚስተር ሮን ወንበር ዘረጋልን። ሽማግሌዎቹ ቆመው ቀሩ።

«እሺ ሳይለን አንቀመጥም በዪው» አሉኝ ሐጂ ሰይድ።

ነገርኩት። ሰውየው ወንበሩን የተጸየፉበት መስሎት በፎጣ ወለወለው።

«ጌታዬ፣ የዚህን ሰው እንጀራ አይዝጉበት። ስለ ልጆቹ ብለው ጀልባዎን እዚሁ ይተዉልን» አሉ ጋሽ ኃይሉ።

ተረጎምኩ። ሚስተር ሮን ዓይኑ እንባ አቀረረ። አባዬን እንደሚወደው፣ በማንም ላይ እንዳልተቆጣ፣ ግን ሒሳብ ሠራተኛው ቀኑ ሳይሞላ ጀልባውን አውጣ እንዳለው ነገረኝ።

«አልተቆጣም?» አሉ ጋሽ ኃይሉ።

«አልተቆጣም።»

«ታዲያ ሐጂ፣ ምኑን ነው የምንለምነው?»

የተቆጣ ሰው ጉልበቱ ይሳማል፤ ቀን መቁጠሪያ ግን ጉልበት የለውም። ጀልባው በሳምንቱ ሄደ። አባዬ ለመንገዱ ወለወለው፤ ጀልባው እንደዚያ ቀን ሲያበራ አይቼው አላውቅም።

አባዬ ዕቃውን ሲሰበስብ እንግዳ ጀልባ ለመቁጠር የተቀጠረ የታክስ ሰውዬ ወረቀቱን ይዞ ደረሰ። ባዶውን ውኃ ዞሮ ዞሮ አየው። የሚቆጠር ከሌለ እሱንም እንደሚያሰናብቱት ለአባዬ ነገረው፤ ቀጥሎም ካዚኖና ሆቴል በተደረደረበት ጎዳና፣ ስትሪፑ ላይ፣ ሥራ ይኖር እንደሆን ጠየቀው። አባዬም፣ ያው አባዬ አይደል፣ በተሰባበረች እንግሊዝኛው እማዬ የምታጸዳበት ሆቴል ሰው እንደሚፈልግ ጠቆመው።

ሰኞ ጠዋት ሁለቱም ሥራ ሊጠይቁ መጥተው ሆቴሉ በር ላይ ተገናኙ፤ ሰላምታቸውም የወዳጅ ነበር አሉ። የሚፈለገው አንድ ሰው ነው። እንግሊዝኛ የሚችል።