የልጄ ሳልና የእኔ ጨዋነት

ካሊፎርኒያ ውስጥ የመንግሥት ኢንሹራንስ ማግኘት ከባድ አይደለም። ካርዱ በፖስታ እስከ ቤትዎ ድረስ ይመጣል፤ ስምዎ በትልቁ ተጽፎበታል። ከባዱ ካርዱን የሚቀበል ሐኪም ማግኘት ነው። ሲደውሉ ሁሉም ያዝንልዎታል፤ የሚቀበልዎት ግን የለም።

ባለቤቴ ሰላም ካረፈች ዘጠኝ ወር ሆናት። ኢንሹራንሳችን በእሷ መሥሪያ ቤት በኩል ነበር፤ እሷ ስትሄድ እሱም ተከተላት። እኔ ሹፌር ነኝ፤ የምነዳው የራሴን መኪና ስለሆነ አለቃ የለኝም። አለቃ የሌለው ሰው ነፃነት እንጂ ኢንሹራንስ የለውም። የስድስት ዓመቷ ልጃችን ሶስና ደግሞ አስም አለባት። በየቀኑ የምትስበው መድኃኒት አላት፤ ዕቃው ላይ ስንት ጊዜ እንደቀረው የሚያሳይ ቁጥር አለ። ሐኪም ፍለጋ ስጀምር ሃምሳ ስምንት ይል ነበር። በቀን አራት ጊዜ ትስባለች። ሒሳቡን ለእናንተ ልተወው።

የመንግሥቱ ኢንሹራንስ የላከልኝ የሐኪሞች ዝርዝር ለምንኖርባት ኦክላንድ ብቻ ሁለት ገጽ ይዟል። ደስ አለኝ። የመጀመሪያው ሐኪም ጡረታ ወጥተዋል። ሁለተኛዋ አዲስ ታካሚ አትቀበልም። ሦስተኛው ስልክ የሴቶች ጥፍር የሚሠራበት ቤት ነው፤ እውነቱን ለመናገር ከሁሉም በደንብ ያነጋገረችኝ የጥፍር ቤቷ ሴትዮ ናት። ልጅቷን ምን እንደሚያማት ጠይቃኝ፣ አዝና ዘጋች። አጠገባችን ካስትሮ ቫሊ ያሉት ሐኪሞች ከአራት ወር በኋላ ኑ አሉኝ። የመድኃኒቱ ቁጥር ሃያ ላይ ሲደርስ ሳን ሆዜ የምትሠራ አንዲት ነርስ ፕራክቲሽነር ተገኘች። ለማታውቁት፣ ይቺ እንደ ዶክተር መርምራ መድኃኒት የምታዝ ነርስ ናት።

ላይኛው ፎቅ የሚኖሩት ጋሽ ደምሴ አልተዋጠላቸውም። አርባ ማይል ነድተህ ልጅቷን ለነርስ ልታሳይ ነው? ዶክተር ጠፍቶ ነው? አሉኝ። አዎ ጋሼ፣ ጠፍቷል አልኳቸው። በል እንግዲያው ሸሚዝህን ተኩስ፤ ፀጉሯንም በደንብ ሠርተህ ውሰዳት፤ እናት የሌላት እንዳትመስልብን አሉኝ።

ተኮስኩ። ሹሩባም ሠራሁ። አንዱ ወደ ምሥራቅ፣ አንዱ ወደ ምዕራብ ያያል፤ ቢሆንም ሹሩባ ነው።

ነርሷ መነጽሯን ግንባሯ ላይ የሰቀለች ፊሊፒናዊት ናት። በሳምንት ስንት ቀን ያስላታል? አለችኝ። ደህና ናት፣ እግዚአብሔር ይመስገን አልኳት በእንግሊዝኛ። ሌሊት ትነቃለች? አልፎ አልፎ፣ ምንም አይል። ደረጃ ስትወጣ ትንፋሽ ያጥራታል? ተመስገን ነው።

አትፍረዱብኝ። እንዴት ናችሁ ሲባል የበሽታ ዝርዝር የሚያቀርብ ሰው እኛ ጋ ማን አሳድጎት ያውቃል? ለቅሶ ቤት እንኳ ባለሐዘኑ እንዴት ነህ ሲሉት ደህና ይላል። እኔም ዘጠኝ ወር ሙሉ ስለው ነበር። በዚያ ላይ በተተኮሰ ሸሚዝ ተቀምጬ፣ የምትጠይቀኝ ስለ ሳሉ ሳይሆን ስለ አባትነቴ መሰለኝ።

ነርሷ ደስ ብሏት ጻፈች። የሶስናን ደረት አዳመጠች፤ ደረቷም እንደ አባቷ ጨዋ ሆኖ ዋለ። እንግዲህ በጣም ጥሩ ነው፣ ይህን ያህል ከተሻላት የየቀኑን መድኃኒት እናቁመው አለችኝ።

ያን ሁሉ መንገድ የመጣሁት ለካ የልጄን መድኃኒት በገዛ ምላሴ ላስቀማት ኖሯል!

ሶስና አማርኛ ትሰማለች እንጂ የምትመልሰው በእንግሊዝኛ ነው። አሁን ወደ ነርሷ ዞራ፣ ማታ ማታ በጣም ያስለኛል፤ ዳዲ ተቀምጦ ደረቱ ላይ ያስተኛኛል፤ ጠዋት አንገቱን ማዞር አይችልም አለቻት። ነርሷ እውነት ነው? ብላ አየችኝ። አንገቴን ልነቀንቅ ስል አመመኝ።

ከዚያ ዘረገፍኩት። ሳሉን፣ ደረጃውን፣ የተኛችበት ክፍል በር ላይ ቆሜ ትንፋሿን መቁጠሬን። ስለ ሰላምም ነገርኳት፤ ማንም ግን አልጠየቀኝም ነበር። ነርሷ አልተቆጣችኝም። የጻፈችውን አጥፍታ እንደገና ጻፈች፤ የሦስት ወር መድኃኒት አዘዘች። ከዚያ ሶስናን ወደ ራሷ ሳብ አድርጋ፣ ሹሩባዋን ፈታ እንደገና ሠራችላት። ይህኛውን ኢንሹራንሱ የሚሸፍነው አይመስለኝም።

ስንወጣ እንግዳ መቀበያው ላይ ያለችው ልጅ፣ ለቀጣዩ ቀጠሮ ማስታወሻ የማንን ስልክ ልመዝግብ? አለችኝ። አፌ ሳያማክረኝ የሰላምን ቁጥር ነገራት። ቁጥሩን እስካሁን አላዘጋሁትም፤ ሶስና ስልኩን ይዛ ጌም ትጫወትበታለች። ወዲያው መልእክት ገብቶ እጇ ላይ ጮኸ። ሶስና ፊደል እየቆጠረች አነበበችው፦ ቀጠሮውን ለማረጋገጥ አንድን ይጫኑ። ኧረ ቁጥሩ ተሳስቷል ልል አፌን ስከፍት፣ ተጫነችው። እናመሰግናለን፣ ተረጋግጧል ብሎ መለሰ።

ስለዚህ ከሦስት ወር በኋላ ሳን ሆዜ የምንቀርበው ሰላም ባረጋገጠችው ቀጠሮ ነው። ከቤት ቀደም ብለን ነው የምንወጣው፤ ሰላም ማርፈድ አትወድም።