ጎሽ የሰረቀው ሰባተኛ አያት

ሰባት ቤት ሲቆጥር ሌባ ላይ የደረሰ ሐበሻ አጋጥሟችኋል? እኔን አላጋጠመኝም። ከአባት ወደ አያት፣ ከአያት ወደ ቅድመ አያት እየተባለ ሲወጣ አንዱ ፊታውራሪ ላይ፣ አንዱ ቀኛዝማች ላይ፣ የበረታው ደግሞ ደጃዝማች ላይ ይደርሳል። ሁሉም ባላባት ከነበረ ያን ሁሉ መሬት ማን ያርሰው እንደነበር አላውቅም። አልጠይቅምም። እኔንም ሰው እንዳይጠይቀኝ ስለምፈልግ።

ቶኮዛ ሰፈር ትንሽ ሱቅ፣ ዱርንፎንቴን ሰፈር ቤት አለኝ። ረድኤት የምትባል አንዲት ልጅም አለችኝ፤ እዚሁ ጆሃንስበርግ ተወልዳ፣ እዚሁ ነርስ ሆናለች። ባለፈው ዓመት ራያን የሚባል የኬፕታውን ልጅ ላገባ ነው አለችኝ። “ሽማግሌ ይላክ” አልኩ። ሌላ ምን እላለሁ?

እሑድ ከሰዓት በኋላ ሽማግሌው መጡ። ሴት ናቸው። ራያንን ብቻቸውን ያሳደጉት አያቱ፣ ሁሉም ሰው በቋንቋቸው ኦማ፣ አያቴ፣ የሚላቸው፣ ባርኔጣቸውን ደፍተው፣ ወፍራም ክላሰር ታቅፈው፣ እሱን አስከትለው ገቡ። በእኛ በኩል የተቀመጡት የባለቤቴ አጎት ጋሽ ታደሰ ናቸው። የደጃዝማች የልጅ ልጅ መሆናቸውን ያልሰማ ሐበሻ በዚህ ከተማ የለም። ጋሽ ታደሰ ሽምግልና በእንግሊዝኛ አይካሄድም ብለው ድርቅ ስላሉ፣ በወጉ ጓዳ መደበቅ የነበረባት ልጅ መሐል ተቀምጣ የራሷን ጉዳይ ታስተረጉም ጀመር።

“ዘራችሁ ከማን ነው?” አሉ ጋሽ ታደሰ።

ኦማ ይህን ጥያቄ ሲጠብቁ የኖሩ ይመስል ክላሰሩን ከፈቱ። ከመዝገብ ቤት መዝገብ ቤት ሲዞሩ አሥራ አንድ ዓመት ፈጅቶባቸዋል። ጣታቸውን ከስም ስም እያሳለፉ ሰባተኛው ላይ ቆሙ።

“ሳሊም። ጃቫ በምትባል ደሴት ጎሽ ሰርቆ ተፈረደበት። ሆላንዶች በሰንሰለት አስረው፣ በመርከብ ጭነው ኬፕታውን አመጡት።” የፍርዱን ቅጂም በክብር ጠረጴዛው ላይ ዘረጉት።

“ጎሽ ይገደላል እንጂ ይሰረቃል እንዴ?” አሉ ጋሽ ታደሰ።

“እዚያ ያርሱበታል” አለች ረድኤት።

ጋሽ ታደሰ ወደ እኔ ዘንበል አሉ። “የእስረኛ ዘር ላይ ልንጥላት ነው? ለዚያውም የሌባ! ሌላ ቀን እንነጋገር በላቸው።”

ሌላ ቀን ማለት በሽምግልና እምቢ ማለት እንደሆነ ታውቃላችሁ። ረድኤትም ታውቃለች። ይህንን አልተረጎመችም። ራያን ጉልበቱን ገጥሞ እንደተቀመጠ ዓይን ዓይኗን ያያል፤ እሷ ግን የምታየው እኔን ነበር።

“እኔም ታስሬ ነበር” አልኩ።

ከጀመርኩት አይቀር ቀጠልኩ። “ወደዚህ ስመጣ። አሥራ ዘጠኝ ዓመቴ ነበር። መንገድ ላይ ካሉት አገሮች ባንዱ፣ አሥር ወር። አንድ ክፍል ውስጥ አርባ ሰው ነበርን። በጀርባ መተኛት አይቻልም፤ ሁላችንም በአንድ ጎን ነው። አንዱ ሲያጨበጭብ አብረን እንገለበጣለን።”

ባለቤቴ እንኳ የምታውቀው “መንገድ ላይ ቆየሁ” የሚለውን ብቻ ነበር። ለምን በጀርባዬ እንደማልተኛ ስትጠይቀኝ ወገቤን ያመኛል እላት ነበር።

ረድኤት ወደ ኦማ ዞረች። ሁሉንም ተረጎመችው። ማጨብጨቡንም አልዘለለችውም።

ኦማ እስክሪብቶ አወጡ። “የእስር ቤቱ ስም? ወንጀሉስ?”

“ድንበር ማለፍ።”

ትንሽ ቅር ያላቸው መሰለኝ። “የእኛ ጎሽ ይበልጣል” አሉ። ግን ጻፉት። “ልጆቻቸው በሁለቱም ወገን የታሰረ አያት ይኖራቸዋል።”

ጋሽ ታደሰ ከመቀመጫቸው ተነሱ። “እንግዲህ የልጅቷ አባት እንዲህ ከሆነ፣ ማን ማንን ይንቃል?” አሉና መረቁ። አሜን ብለን ሳንጨርስ ግን ክላሰሩን ሰረቅ አድርገው አዩት። “ደጃዝማቹም እኮ ትንሽ ታስረው ነበር።”

“በምን?” አለች ረድኤት።

“በበቅሎ ጉዳይ።”

ኦማ ይህ ሲተረጎምላቸው እስክሪብቷቸውን ከደኑ። “ወሬ አልጽፍም። ማስረጃ ያምጡ።”

ሠርጉ ከፋሲካ በኋላ ነው። ጋሽ ታደሰ በየሳምንቱ አገር ቤት እየደወሉ ደጃዝማቹ መታሰራቸውን የሚያስረዳ ወረቀት ያፈላልጋሉ። ቢያገኙ ደስ ይለኛል። እኔም በጀርባዬ መተኛት ጀምሬያለሁ። ባለቤቴ ታንኮራፋለህ ትላለች።