የጭቃ እቅፍ

ተረት ተረት ስላችሁ «የላም በረት» ልትሉኝ ነው። የዛሬው በረት የአህያ ነው፤ አጥሩም ፈርሷል።

ከዕለታት አንድ ቀን፣ በአንድ ሐይቅ ዳር በነበረ ጫካ ውስጥ፣ እንኮዬ ጦጢት ከሰው ከተማ ተመለሰች። የሄደችው ለኦቾሎኒ ነበር፤ የተመለሰችው ግን ወሬ ጠግባ ነው። ሰዎች በመዝናኛ ስፍራቸው ውስጥ ትንሽ ወንዝ ቆፍረዋል፣ በወንዙ ላይ ጀልባ ቀስ እያለች ትሄዳለች፣ ግራና ቀኙን ከጉልበት የማይበልጡ ቤቶችና የተረት አሻንጉሊቶች ተደርድረዋል አለች።

«ጀልባዋ ምን ያህል ትፈጥናለች?» ሲል ጠየቀ ኤሊ።

«አባ ኤሊ፣ እርስዎ በእግርዎ ይቀድሟታል።»

ኤሊ ከተወለደ ጀምሮ እንዲህ ያለ መልካም ዜና ሰምቶ አያውቅም።

«ሰዎቹስ እላይዋ ላይ ምን ይሠራሉ?»

«ይቀመጣሉ። ያያሉ። ሲወርዱ የተሻሉ ሰዎች የሆኑ ይመስላቸዋል።»

አያ አንበሶ ይህን ሲሰማ ጉባኤ ጠራ። እኛ አራዊት ለሥራ ስንጠራ እንዘገያለን፤ ለጉባኤ ግን ቀድመን እንገኛለን። የኛም ተረቶች በሐይቁ ዳር በጭቃ እንዲሠሩ፣ በታንኳም እንዲጎበኙ በሙሉ ድምፅ ተወሰነ። ድምፁ ሙሉ የሆነው አንበሳ ካገሳ በኋላ ነው።

ምስጦች ጭቃ አቦኩ። ጎጆ ሠሪ ወፎች ጣራ ከደኑ። ከደንገል ሰፊ ታንኳ ታሰረ። ታንኳዋን የሚገፋት ጋሽ ጉማሬ ሆነ፤ መልኩ ለጎብኚ ስለማይመች ከውኃ በታች ሆኖ እንዲገፋ በትሕትና ተነገረው። እሱም አልተቀየመም። «መልኬንማ ውኃ ስጠጣ አይቼዋለሁ» አለ።

ችግሩ የመጣው ተረቶቹ መሠራት ሲጀምሩ ነው። አባቶቻችን ባወረሱን ተረት ሁሉ ውስጥ አንድ የሚዋረድ አውሬ አለ። የተዋረደውም አውሬ ዘመዶች አሉት። ስለዚህ በአባ ኤሊ ሰብሳቢነት የተረት ማስተካከያ ኮሚቴ ተቋቋመ።

መጀመሪያ የቀረበችው ድመት ነበረች። «ድመት መንኩሳ አመሏን አትረሳ» የሚለው እንዲታረም ጠየቀች። ኮሚቴው ተስማማ፤ ድመት ቆብ ደፍታ አይጦችን ስታስተምር ተሠራች። አይጦች አልተጠየቁም።

ዝንጀሮ ቀጠለ። «መቀመጫዬ የታወቀ ነው፤ እኔም አልክድም» አለ። «ዞሮ ማየት የሚችል ሁሉ አይቶታል። ጭቃው እንኳ ይዘንልኝና ከፊት ብቻ ሥሩኝ።» ከፊት ብቻ ተሠራ።

አያ ጅቦም ተነሣ። «ጅብ በማያውቁት አገር ሄዶ ቁርበት አንጥፉልኝ አለ ይሉኛል። ደክሞኝ ነበር እኮ!»

«ታዲያ እንዴት ይሁንልህ?»

«ሳልጠይቅ ይነጠፍልኝ።»

ተነጠፈለት።

በመጨረሻ አህያው ዳለቻ ወደ ፊት ወጣ። የሱን ተረት የማያውቅ አልነበረም፤ «የአህያ ባል ከጅብ አያስጥልም።» ምስጦችም እንደ ወረደ ሠርተውት ነበር። ጅቡ በር ላይ፣ ሚስትየዋ ስትጮኽ፣ ባልየው ከገለባው ክምር ጀርባ ሲያላምጥ።

«ሠርግ ብሄድ ይተረትብኛል፣ ለቅሶ ብሄድ ይተረትብኛል» አለ ዳለቻ። «ከሁሉ የሚያናድደኝ ማላመጤ ነው። እኔ ስፈራ ምግብ አይወርድልኝም። ጅቡን ስረግጠውና ጅቡ ሲሸሽ ይሠራልኝ።»

አያ ጅቦ ብድግ አለ። «እኔ? ከአህያ ልሸሽ? ልጆቼ ታንኳ ላይ ሆነው ይህን አይተው ‹አባባ› ብለው ይጠሩኛል ደግሞ?»

አባ ኤሊ ሁለቱን ዛፍ ሥር ወስዶ አሸማገላቸው። በኛ ሽምግልና እውነቱ ወዴት ነው ተብሎ አይጠየቅም፤ መሀሉ ወዴት ነው ተብሎ ነው የሚጠየቀው። መሀሉም ተገኘ። ጅብና አህያ ደጃፍ ላይ ተቃቅፈው፣ የአህያው ሚስት ጠላ ስትቀዳላቸው ይሠራ ተባለ። ሁለቱም ክብራቸውን ይዘው ተመለሱ።

የዳለቻ ሚስት ሸጊት ግን ከሴቶቹ መካከል ተነሣች። ሆዷ ገፍቶ ነበር።

«እናቴን ጅብ በላት» አለች። «እኔ የተረፍኩት ያንን ተረት በልጅነቴ ስለሰማሁ ነው። ከአጥር ውጭ አላድርም፤ ባል አለኝ ብዬም አልዘናጋም። ይህች ሆዴ ውስጥ ያለችው ይህን ከየት ትማረው?»

«እኅቴ፣ እኛ አሁን የያዝነው የገጽታ ጉዳይ ነው» አለች እንኮዬ ጦጢት።

«አንቺ ዛፍ ላይ ትወጫለሽ። እኔ ገጽታዬን ይዤ ወዴት ልውጣ?»

ዳለቻ ጆሮዋ ሥር ተጠግቶ «አንቺ ሴት፣ አታሳፍሪኝ» አላት።

«የምታፍርበትን ነገር እኔ መች ነገርኳቸው? አንተም እኔም ሳንወለድ አውርተው ጨርሰውታል።»

ድምፅ ተሰጠ። ሸጊት ተሸነፈች። ሰኮናውን አንሥቶ ከተቃወሟት አንዱ ዳለቻ ነበር።

በምርቃቱ ዋዜማ ኮሚቴው ሐይቁን በታንኳ ዞረ። የዳለቻ ቤት ከጭቃው እቅፍ ቀጥሎ ዳር ላይ ይታያል፤ ዙሪያውን ጥቅጥቅ ያለ የእሾህ አጥር ነበረው። አባ ኤሊ ታንኳዋን አስቆመና አህያውን አስጠራው።

«አቶ ዳለቻ፣ ጎብኚው እቅፉን አይቶ ሲያበቃ ይህን እሾህ ያያል። ምን ይበል?»

«እውነት ነው፣ ምን ይላል?» አለ ዳለቻ፤ ተጨንቆም አጥሩን አፈረሰ። ሸጊት አጥሩን የሚያስጥልላት ስታጣ፣ ፊቷን ወደ ግድግዳ ኋላዋን ወደ በሩ አድርጋ ቆማ አደረች።

በማግስቱ ሁላችንም ተሳፈርን። ጋሽ ጉማሬ ከሥር ተነፈሰ፣ ታንኳዋም ቀስ ብላ ተንቀሳቀሰች። ድመቲቱን አየን፣ አይጦቹ በጭቃ ፈገግ ብለዋል። ዝንጀሮን ከፊት አየን፤ እሱም ራሱን አይቶ «ይሄ ማነው?» አለ። ቁርበቱ ሲነጠፍ አየን። ውኃው ዝም ያለ ነበር፣ ነፋሱም ለስላሳ። ለካስ እንዲህ ጥሩዎች ነን እየተባባልን ተያየን። እቅፉ ጋ ስንደርስ አጨበጨብን። አያ ጅቦ አለቀሰ። እንባው እውነተኛ ነበር፤ አጠገቡ የተቀመጠችው ጥንቸል ትከሻዋ ረጥቧል።

አያ አንበሶ ግን ጢሙን አሻሸ። «ውብ ነው፤ ነገር ግን ጭቃ ነው። ባለቤቶቹ እዚሁ እያሉ ለምን ፊታችን አይተቃቀፉም?»

ማን እንቢ ይላል? ታንኳዋ ከዳለቻ ደጃፍ ቆመች። ዳለቻና ጅቦ ወረዱ። ሸጊት በሩ ላይ ቆማ ገንቦ አንሥታ ጠበቀች፤ እንድትጠብቅ ታዝዛ ነበርና። ዳለቻ ልክ እንደ ጭቃው የፊት እግሮቹን ዘረጋ። አያ ጅቦም አቀፈው፤ ልክ እንደ ጭቃው አፍንጫውን አንገቱ ላይ አሳረፈ። አላነሣውምም።

«አያ ጅቦ፣ በቃ እኮ» አለ ዳለቻ በለሆሳስ።

«ትንሽ ታገሠኝ፣ ምራቄን ልዋጥ።»

ምራቁ አልዋጥ አለው። የዳለቻን ግማሽ ጆሮ ግን ዋጠው።

ዳለቻ ጮኸ፣ ተፈናጠረም። በሚስቱ አጠገብ አለፈ፤ ቤቱን ዞሮ በሌላ በኩል ወጣና ታንኳዋ ውስጥ ዘለለ። ያረፈው እንኮዬ ጦጢት ጭን ላይ ነበር፤ እስከ ዛሬ ታነክሳለች። አያ ጅቦም ወደ ሸጊት ዞረ። በመካከላቸው እሾህ አልነበረም። ታንኳዋ ላይ ከነበርነው ብዙዎቻችን የዝግጅቱ ክፍል መስሎን ማጨብጨብ ጀመርን።

ሸጊት ገንቦውን ጣለች፣ ጀርባዋን ሰጠችው፣ እስኪጠጋም ጠበቀች። ከዚያ በሁለቱ የኋላ እግሮቿ አንድ ጊዜ ረገጠች። አያ ጅቦ የፊት ጥርሶቹን ዳር ላይ ትቶ ሐይቁ ውስጥ ተንከባለለ። ጭብጨባው ያን ጊዜ ቆመ።

አያ አንበሶ ወርዶ እዚያው ለችሎት ተቀመጠ። መጀመሪያ የተጠየቀው ዳለቻ ነው።

«ጌታችን፣ ተረቱ በእርግጥም ስሕተት አለበት» አለ ደሙን እየጠረገ። «ከጅብ አያስጥልም ብቻ ነው የሚለው። ሚስቱን አልፎ ታንኳ እንደሚሳፈር አይናገርም። አባቶቻችን ለኔ አድልተውልኛል።»

ይህን ብሎ እሾሁን ሊሰበስብ ሄደ። ሸጊት ቀድማው ጀምራ ነበር።

«መጀመሪያ ጆሮህን እሰር» አለችው።

«የቱን?»

«የቀረውን።»

ዳለቻ ሳቀ፤ ሲስቅ አመመው።

አያ አንበሶ ከውኃ ወደ ወጣው ጅብ ዞረ። «አንተስ? በጉባኤ ፊት ተስማምተህ አልነበረም? ታንኳ ላይስ አላለቀስክም?»

አያ ጅቦ መንጋጋውን ደግፎ ቆመ። አልዋሸም።

«ተስማምቻለሁ ጌታዬ፣ አልቅሻለሁም። ዛሬም ብጠየቅ እስማማለሁ። ኮሚቴው ግን ሁሉን አነጋግሮ ሆዴን ሳያነጋግረው ቀረ።»