የአቶ ደቂቃ ብቸኛ ሠራተኛ

ሰው ከሥራው ጡረታ ይወጣል፤ ሥራው ግን ከሰውየው ጡረታ ወጥቶ አያውቅም። ይህን የሚጠራጠር ካለ ጡረተኛ ጎረቤት ያልነበረው ሰው ነው። ጡረታ የወጣች ነርስ ደረጃ ላይ ካገኘቻችሁ፣ ደህና አደራችሁ ሳትል የዓይናችሁን ቆብ ገልብጣ "ደም አንሷችኋል" ትላለች። ጡረታ የወጣ መምህር የሱቅ ማስታወቂያ ላይ የተሳሳተ ፊደል ካየ ባለሱቁን ጠርቶ ሳያስተካክል አያልፍም። የሁሉም ቁንጮ ግን ጡረታ የወጣ የሰዓት ተቆጣጣሪ ነው። ነርሷ ደማችሁን ታያለች፣ መምህሩ ፊደላችሁን፤ ተቆጣጣሪው ግን ኑሯችሁን ነው የሚያየው። ኑሮ ማለት ለእሱ ስንት ሰዓት ገባህ፣ ስንት ሰዓት ወጣህ ነው፤ ሌላው ዝርዝር ነው።

እንዲህ ያሉ አንድ ሰው የዛሬ አሥራ አራት ዓመት ግድም በአንድ ሕንፃ ሦስተኛ ፎቅ ላይ ይኖሩ ነበር። በጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካ በር ላይ፣ ከመስታወት መስኮት ኋላ ተቀምጠው፣ ማን በሰዓቱ እንደገባና ማን እንዳረፈደ ሲመዘግቡ ሠላሳ አንድ ዓመት ኖረዋል። ሚስታቸው ከሞቱ ቆይቷል፤ አንዲት ልጃቸው ሌላ ከተማ ትኖራለች። ጠዋት ጠዋት ኮታቸውን ለብሰው፣ ክራቫታቸውን አስረው፣ ወንበራቸውን ኮሪደሩ ላይ ያወጡና ይሰየማሉ። የእጅ ሰዓታቸው አምስት ደቂቃ ይቀድማል። ሆን ብለው ነው። የውሃ ቆጣሪ አንባቢው ደረጃውን ሲወጣ "ባለፈው ወር በሦስት ተኩል ነበር የመጣኸው፤ ዛሬ ምን ነካህ?" ይሉታል። ቧንቧ ሠሪ ከቀጠሮው ሩብ ሰዓት ከዘገየ፣ ውሃው ኮሪደሩን ቢያጥለቀልቀውም መጀመሪያ ተግሣጹን ጨርሶ ሰምቶ ነው የሚገባው። የሕንፃው ሰው ፊት ለፊት "ጋሼ" ይላቸዋል፤ ዞር ሲሉ ግን ክቡር አቶ ደቂቃ ናቸው።

ከፊት ለፊታቸው ያለውን ቤት የተከራየችው ልጅ ይህን አታውቅም ነበር። ሃያ ስምንት ዓመቷ ነው። በአንድ መሥሪያ ቤት አምስት ዓመት ደብዳቤ ስታረቅቅ ቆይታ፣ "ከእንግዲህ በግሌ ነው የምጽፈው" ብላ ለቃ የወጣች ናት። እናቷ ነገሩን የሰሙ ዕለት "ጥጋብ ነው" ብለው ሦስት ቀን አላናገሯትም። በአራተኛው ቀን ያናገሯት "መቼ ነው ሥራ የምትፈልጊው?" ለማለት ነው።

ከአቶ ደቂቃ ጋር የተዋወቁት በአራት ሰዓት ተኩል ነው፤ እሷ በሌሊት ልብሷ፣ ቆሻሻ ልትጥል ስትወጣ።

"አሞሻል እንዴ?" አሏት።

"ደህና ነኝ ጋሼ።"

"ፈቃድ ላይ ነሽ?"

"አይደለሁም። ቤቴ ነው የምሠራው። ጸሐፊ ነኝ።"

"የማን ጸሐፊ?"

"የማንም። የራሴ።"

"አለቃሽስ ማነው?"

"እኔው ነኝ።"

አቶ ደቂቃ ሰዓታቸውን አዩ። "እንግዲያው ሁለታችሁም አርፍዳችኋል" አሏት።

ይህን ለጓደኞቿ በስልክ እየደወለች ስትተርክ ሰነበተች። ጊዜ በሽ በሽ ነበር። ጽሑፍ ስሜት ይፈልጋል፤ ስሜት ደግሞ ንጹሕ ጠረጴዛ ይፈልጋል፤ ስለዚህ ጠዋት ጠረጴዛው ይወለወላል። ጠረጴዛው ሲጸዳ መጋረጃው ማደፉ ይታያል። መጋረጃው ታጥቦ እስኪደርቅ መጻሕፍቱ በመልክ በመልካቸው ይደረደራሉ፤ ሲደረደሩ አንዱ ይገለጣል፤ ተገልጦ ይነበባል። ከዚያ ምሳ ነው። ከምሳ በኋላ ደግሞ ማን ይጽፋል? "ነገ በጠዋት ተነስቼ" ትላለች። ነገም ጠረጴዛው አቧራ ለብሶ ይጠብቃታል።

በአንድ ሳምንታዊ ጋዜጣ ላይ ዓምድ ተሰጥቷት ነበር። ጽሑፏ ሐሙስ እስከ ስድስት ሰዓት መድረስ አለበት፤ ጋዜጣው ቅዳሜ ነው የሚወጣው። መጀመሪያ ሐሙስ ማታ ላከች። ቀጥላ ዓርብ። ከዚያ ዓርብ ማታ፣ ከረጅም ይቅርታ ጋር። ይቅርታዋ ከጽሑፏ የተሻለ ይጻፍ ጀመር። አንድ ሰኞ አዘጋጁ ደወለ። ቤት ውስጥ የስልኩ ድምፅ ስለሚቆራረጥ ኮሪደር ወጥታ አነሳችው።

"እኔ ብዕርሽን እወደዋለሁ" አላት። "ማተሚያ ቤቱ ግን አያውቅሽም። ከእንግዲህ አንድ ሐሙስ ካሳለፍሽ ዓምዱን ለሌላ ሰው እሰጠዋለሁ። እንዳትቀየሚኝ።"

እናቷም በዚያው ሰሞን የድሮ መሥሪያ ቤቷን አነጋግረው፣ በወሩ መጨረሻ እንዲመልሷት ቃል አስገብተው ነበር። ስልኩን ስትዘጋ እንባዋ መጣ። አቶ ደቂቃ ወንበራቸው ላይ ናቸው። ሁሉንም ሰምተዋል፤ አልሰማሁም ለማለትም አልሞከሩም።

"ስንት ሰዓት ነው ሥራ የምትገቢው?" አሏት።

"ስሜት ሲመጣልኝ።"

"ስሜት!" አሉ፣ የበሽታ ስም የሰሙ ይመስል። "እኛ ፋብሪካ ስምንት መቶ ሠራተኛ ነበር። ስሜት የመጣለት ይግባ ብንል ኖሮ ይሄ ሕዝብ እስከዛሬ ራቁቱን ነበር።"

በማግሥቱ ለሁለት ሰዓት አምስት ጉዳይ ላይ በሯ ተንኳኳ። አቶ ደቂቃ በማስመሪያ የተሰመረ ትልቅ ደብተር ይዘው ቆመዋል። ቀን፣ የገባችበት ሰዓት፣ የወጣችበት ሰዓት፣ ምክንያት፣ ፊርማ።

"ፈርሚ።"

"ጋሼ፣ ቀልድዎን ነው አይደል?"

"እኔ በሥራ ሰዓት ቀልጄ አላውቅም።"

ለሽማግሌ ክብር ብላ ፈረመችና በሩን ዘግታ ወደ አልጋዋ አመራች። ሦስት ደቂቃ አልሞላም፤ ተንኳኳ። "ድምፅ አይሰማም!" የአሮጌው ኮምፒውተሯ ቁልፎች ሲመቱ ቆርቆሮ ላይ እንደሚወርድ ዝናብ ኮሪደር ድረስ ይሰማሉ፤ ሰውየው ይህን አጥንተውታል። "እያሰብኩ ነው!" ብላ ጮኸች።  ከዚያ በበሩ ስንጥቅ "ማሰብ በየትኛው ዓምድ ይገባል?" ሲሉ ሰማች። በማግሥቱ ደብተሩ ላይ "በማሰብ ላይ" የሚል አዲስ ዓምድ ተሰምሮ መጣ። ሥሩ "ከሃያ ደቂቃ አይበልጥም" ይላል።

ድምፅ ከሆነ የፈለጉት፣ ድምፅ ልስጣቸው አለች። ተቀምጣ "ጋሼ ይሂዱልኝ ጋሼ ይሂዱልኝ" እያለች ቁልፎቹን ትደበድብ ጀመር። ግማሽ ገጽ ከሞላች በኋላ ጣቶቿ ሳታዝዛቸው "ጋሼ የማይሄዱት መሄጃ ስለሌላቸው ይሆን?" ብለው ጻፉ። ቆም አለች። ደግማ አነበበችው። ከላይ ያለውን ሁሉ አጠፋችና ከዚያች ዓረፍተ ነገር ቀጠለች። የዚያ ሳምንት ጽሑፍ ሐሙስ አምስት ሰዓት ተኩል ላይ ደረሰ። አዘጋጁ "ደህና ነሽ ግን?" ብሎ ደወለ።

እንዲህ ተጀመረ። ግን ልማድ በአንድ ቀን አይበቅልም፤ በሁለተኛው ሳምንት ራሷን አመማት፣ በሦስተኛው ደግሞ መብራት ጠፋ። "እስክርቢቶ በመብራት አይሠራም" አሏት። በአራተኛው ሳምንት እናቷ ሳይነግሯት ከች አሉ። ሦስት ሰዓት ተኩል ነው። ከኮሪደሩ የሰማችውን ንግግር እስከዛሬ ቃል በቃል ታስታውሰዋለች።

"እመቤቴ፣ ባለጉዳይ ከስድስት ሰዓት በኋላ ነው።"

"ምን? የገዛ ልጄ እኮ ናት!"

"ልጅዎ አይደለችም አላልኩም። ሥራ ላይ ናት ነው የምልዎት።"

 ልጅቷ ጣቶቿን ቁልፎቹ ላይ አንጠልጥላ ጠበቀች። እናቷ በዚያ ሁሉ ወራት ስለ ልጃቸው "ቤት ነው የምትውለው"፣ "ሥራ እየፈለገች ነው"፣ "ፈጣሪ ያውቃል" ብለው ነበር ለሰው የሚነግሩት። "ሥራ ላይ ናት" የሚል ሰው ሲሰሙ የመጀመሪያቸው ነው።

"ሥራ ላይ?" አሉ፣ ድምፃቸው ዝቅ ብሎ።

"ከሁለት ሰዓት ጀምሮ። ፊርማዋ ይኸውና።"

ወንበር ሲጎተት ተሰማ። እናቷ ከአቶ ደቂቃ ጎን ተቀምጠው እስከ ስድስት ሰዓት ጠበቋት። ስትወጣ ስለ ድሮው መሥሪያ ቤት አላነሱም። "ደከመሽ?" ብቻ ነው ያሏት።

ከዚያ ጠቡ መጣ። አንድ ጠዋት ሌሊቱን ሙሉ ሳትተኛ አድራ፣ ከፍቷት፣ ከአልጋዋ መነሳት አቃታት። አቶ ደቂቃ አንኳኩ። ደገሙ። ሦስተኛው ላይ በሩን በርግዳ ወጣች።

"እርስዎ ማን ስለሆኑ ነው? ፋብሪካው አሰናብቶዎታል፤ እኔ ደግሞ አልቀጠርኩዎትም!"

ሽማግሌው ደብተሩን ቀስ ብለው ከደኑት። "ልክ ነሽ" አሉ። ወንበራቸውን አንስተው ገቡ።

በዚያ ቀን እንደ ልቧ ተኛች። በሁለተኛውም ቀን ተኛች፤ እንቅልፉ ግን እንደ ድሮው አልጣማትም። በሦስተኛው ቀን በሁለት ሰዓት ጠረጴዛዋ ላይ ራሷን አገኘችው። ማንም አልጠራትም። በሩን ገርበብ አድርጋ፣ ቁልፎቹን ከሚያስፈልገው በላይ ጠንከር እያደረገች፣ ወዲያ ማዶ እስኪሰማ ድረስ ጻፈች። ኮሪደሩ ግን ጭር እንዳለ ነው። በአራተኛው ቀን በተራዋ ሄዳ አንኳኳች።

ኮታቸውን ለብሰዋል፤ ክራቫት ግን የለም። ይቅርታ ልትጠይቅ አፏን ስትከፍት እጃቸውን አወናጨፉና ተቀመጪ አሏት። ደብተሩ ጠረጴዛው ላይ ተዘርግቷል። ፊርማዋን ከማስፈር በቀር ልብ ብላ አይታው አታውቅም ነበር። ምክንያት በሚለው ዓምድ ሥር፣ በጥንቃቄ በተጻፈ ደቃቅ ፊደል፣ "ራሷን አሟት"፣ "እናቷን ናፍቃ"፣ "መብራት" ይላል። የመጨረሻው መስመር ላይ "ከፍቷት ነበር፤ ሳልጠይቃት አንኳኳሁ" የሚል ሰፍሯል።

"የፋብሪካው መዝገብ ይሄ ዓምድ አልነበረውም" አሏት። "ገባ፣ አረፈደ፣ ቀረ። በቃ። አንዲት ፈታይ ነበረች። በአንድ ወር ስድስት ቀን አረፈደች፤ ስድስቱንም በቀይ ጻፍኩት። አባረሯት። ልጇ ሆስፒታል ተኝቶ እንደነበር የሰማሁት ከሄደች በኋላ ነው።" መነጽራቸውን አውልቀው ጠረጉ። "ብጠይቃት ኖሮም የምጽፍበት ቦታ አልነበረኝም እላለሁ፣ ራሴን ሳጽናና። ግን አልጠየቅኳትም።"

ልጅቷ ደብተሩን ከድና ወደ እሳቸው ገፋችው።  "ነገ በሁለት ሰዓት ይምጡ" አለቻቸው።

"ለሁለት አምስት ጉዳይ ላይ" ብለው አረሟት።

ሦስት ዓመት እንዲህ ኖሩ። አንድም ሐሙስ አላለፋትም። በኋላ ጉልበታቸው ደረጃ መውጣት እምቢ ሲላቸው ልጃቸው መጥታ ወሰደቻቸው። ደብተሩን "የመሥሪያ ቤት ንብረት ነው" ብለው ይዘውት ሄዱ። እሷ መኪናው እስኪታጠፍ እጇን ስታውለበልብ ቆይታ፣ ያንን ባዶ ኮሪደር ማለፍ ስለከበዳት ደረጃው ላይ ለብዙ ጊዜ ተቀመጠች። ልማዱም አብሮ መኪናው ላይ የተጫነ መስሏት ነበር። በማግሥቱ ለሁለት ሰዓት አምስት ጉዳይ ላይ የበሩን እጀታ ይዛ ቆማ ራሷን አገኘችው፤ ልትከፍትላቸው። ጥቂት እንደቆመች ተመልሳ ተቀመጠችና እስከ ስድስት ሰዓት ጻፈች።

ዛሬ ሦስት መጻሕፍት አሏት፤ ዓምዱም አለ። ወጣት ጸሐፊዎች "ልማዱን እንዴት አመጣሽው?" ሲሏት "በተወሰነ ሰዓት መቀመጥ ነው፤ ሌላ ምስጢር የለውም" ትላለች። አንድ ምስጢር ግን ለማንም አትናገርም። አዘጋጁ እንኳ አልገባውም፤ ከዚያ ሁሉ ዓመት በኋላ ግን ዓምዷን አይነካባትም። በዓመት አንድ ጊዜ፣ ታማ ሳይሆን፣ ሥራ በዝቶባትም ሳይሆን፣ ጽሑፉ ተጠናቆ ጠረጴዛዋ ላይ እያለ፣ ሐሙስን ዝም ብላ ታሳልፈዋለች። ቅዳሜ ጋዜጣው ያለ እሷ ይወጣል። ጠዋት ስልኩን ከፊቷ አስቀምጣ ትጠብቃለች፤ ጋዜጣው አቶ ደቂቃ ያሉበት ከተማ እንደደረሰ ስልኩ ይጮኻል።

"ምን ሆነሽ ነው?" ይላሉ፣ ያለ ሰላምታ። ከዚያ ቁጣው ይወርዳል፤ ስለ ሥራ ክብር፣ ስለ አንባቢ፣ ስለ ስምንት መቶው ሠራተኛ። እሷ "እሺ ጋሼ"፣ "ልክ ነዎት ጋሼ" ትላለች። ቁጣው ሲበርድ ስለ ጉልበታቸው፣ ስለ ልጃቸው፣ ስለ እናቷ ያወራሉ፤ አንዳንዴ ሰዓት ያልፋል፤ ማንኛቸውም አያዩትም።

ዘንድሮ ሲቆጧት ድምፃቸው ሳሳ አለባት። ከሁለት ወር በኋላ፣ ዓመቱን ሳትጠብቅ፣ ሌላም ሐሙስ አሳለፈች።