ያልተቀደደው ቀይ ወረቀት

በዚህ ከተማ ለዕውቀት መስፋፋት ከተከፈለው መሥዋዕትነት ሁሉ የላቀው የተፈጸመው ባለፈው ገና ሰሞን፣ በአንዲት ጠባብ መጽሐፍ መሸጫ ውስጥ ነው። መሥዋዕት የሆነውም ራሱ ዕውቀት ነበር።

የሱቋ ባለቤት ጋሽ መቅድም ይባላል። ስሙን ያወጣንለት እኛ ነን፤ ከየመጽሐፉ መቅድሙን ብቻ አንብቦ ስለ ቀረው ሲተነትን የሚውል ሰው ሌላ ምን ይባላል? እሱም አልተቀየመም። «በሩን ካወቅሁ ቤቱ የት ይሸሻል?» ይላል።

ሱቋ ሞቅ ያለች ነበረች፤ ጥግ ላይ ማሞቂያ፣ አጠገቡ ጎኑ የተተረተረ ሶፋ፣ ሶፋው ላይ ደንበኛ የምትመስል ድመት። ጉድለቷ አንድ ብቻ ነው፤ መጽሐፉ ንቅንቅ አይልም። ቤቱ ደግሞ የሚስቱ ወንድም ንብረት ነው፤ ሰውየው ፍራሽ ነጋዴ፣ ነገር የማያንዛዛ።

«ጋሼ፣ ገና ካለፈ በሳምንቱ ሰኞ መጥቼ አያለሁ። መደርደሪያው ባዶ ከሆነ ሱቁ ያንተ፤ ሞልቶ ካገኘሁት ግን ፍራሼን አስገባለሁ። ሰው ሳያነብ ያድራል፣ ሳይተኛ ግን አያድርም።»

ጋሽ መቅድም ነገሩን በጥልቀት አጤነው፤ ማለትም ሶፋው ላይ ተኛበት። ሲነቃ «የገና ስጦታ ሲጠቀለል ወረፋ እንዳይበዛ» ብሎ ያለውን መጽሐፍ በሙሉ አስቀድሞ በቀይ ወረቀት ጠቀለለ። ሦስት ቀን ፈጀበት። ጠርዙን አጥፎ፣ በወርቃማ ሪባን አስሮ፣ ላዩ ላይ አንዲት ፊደል ሳይጽፍ።

ሚስቱ ገብታ ዙሪያውን ቃኘች።

«ያ የልጆች ተረት የትኛው ነው?»

«ከነዚህ አንዱ።»

«የሞተር ጥገናውስ?»

«እሱም እዚሁ ነው፣ የትም አልሄደም።»

«አንተ ሰውዬ፣ ርዕሱን ሳትጽፍ ነው የጠቀለልከው?»

ጋሽ መቅድም ጉሮሮውን ጠረገ። ብልህ ሰው ስህተቱን ያርማል፤ ታላቅ ሰው ግን መመሪያ ያደርገዋል። ወዲያው በሩ ላይ ለጠፈ፦ «ከዛሬ ጀምሮ አንባቢ መጽሐፍ አይመርጥም፤ መጽሐፍ አንባቢውን ይመርጣል። አስተዳደሩ።» አስተዳደሩ እሱና ድመቷ ነበሩ።

ጉድ ነው፣ ሰዉ ጎረፈ። ጋሽ መቅድም ጥቅሉን በመዳፉ መዘን መዘን ያደርግና፣ ወደ ጆሮው ያስጠጋና እንደ መድኃኒት ያዝዛል።

«ለአማቴ ነው፣ ጋሼ» አለችው ልብስ ሰፊዋ። «በምንም የማይደሰቱ ሴትዮ ናቸው።»

«እንግዲያው ከበድ ያለ ነው የሚያስፈልጋቸው።»

«ስለ ምንድን ነው?»

«ስለ ሕይወት» አላት፣ ዓይኑን ሳያሽ። በልቡ ግን «ወይ ስለ ሞተር» ብሎ ራሱን ታዘበ።

በዋዜማው መደርደሪያው እንደ ተላጨ ራስ አበራ።

ከበዓሉ በኋላ ግን እንቅልፍ አጣ። «ለሕፃን የውርስ ሕግ፣ ለሙሽራ የፍቺ መመሪያ ሰጥቼ ይሆናል» እያለ በሩ ሲጢጥ ባለ ቁጥር ከሶፋው ጀርባ መደበቅ ያምረዋል። አንድም ስሞታ አልመጣም። በአራተኛው ቀን ልብስ ሰፊዋ ቀይ ጥቅል ታቅፋ ከተፍ አለች።

«እንኳን አደረሰዎት፣ ጋሼ። ስጦታ ነው።»

«ይሄማ ከዚሁ የወጣ ነው። አማትሽ አልወደዱትም?»

«ኧረ እጅግ ወደውታል! እንዲህ ያማረ ወረቀት በየትኛው አንጀት ይቀደዳል ብለው እንዳለ ለጎረቤታቸው ሰጡት። ይሄኛው ደግሞ ከሰፈሩ ሐኪም የደረሰኝ ነው። መጽሐፍ ለማን ይሰጣል ብዬ ባስብ ባስብ፣ እርስዎ ትዝ አሉኝ።»

ጋሽ መቅድም አመስግኖ ተቀበለ፤ ስጦታ አይመለስም። ከሰዓት በኋላ ሐኪሙ ራሱ መጣ፤ እሱም ታቅፎ። ከኋላው የአማትየዋ ጎረቤት። ከዚያ ማን ቀረ? መላው ከተማ አንድ ሐሳብ ያሰበበት ብቸኛው ሳምንት ነበር። ሕዝባችን መጽሐፍ አይወድም የሚል ቢኖር ሐሰተኛ ነው፤ በጥቂት ቀን ውስጥ አንድ ሱቅ ሙሉ መጽሐፍ ለእጅ ሁሉ አዳርሰናል። ያላዳረስነው ለዓይን ብቻ ነው።

ሰኞ ፍራሽ ነጋዴው የፍራሹን ቦታ ሊለካ ሜትር ይዞ ገባ። መደርደሪያው ከዳር እስከ ዳር ቀልቷል። እሱም በብብቱ አንድ ቀይ ጥቅል ሸጉጧል።

«እንኳን አደረሰህ፣ ጋሼ። ለሚያነብ ሰው ይሁን ብዬ ነው።»

«አንተስ ብታነበው?» አለ ጋሽ መቅድም ቆጣ ብሎ። «ሰው ውስጡ ምን እንዳለ ሳያውቅ እንዴት ለሰው ይሰጣል?»

«አንተ ስትሸጠው ታውቅ ነበር?»

ጋሽ መቅድም ጎንበስ ብሎ የሜትሩን ሌላኛውን ጫፍ ያዘለትና፣

«ሳብ አድርገው፣ እዚህ ጋ ረግቧል» አለው።