የዶክተሩ ሙቿ

ና ግባ፣ ቁጭ በል፤ ሙቿውን ግን እንዳትነካ። የእኛ አይደለም። ያ ሁሉ ቅቤ የፈሰሰበት ቆጮ የሚሄደው ኦቶና ሆስፒታል ነው፤ ለዶክተሩ። እኔ ባልየው የትናንት ጎደሬ በልቼ እጠብቀዋለሁ። ቅናት የባለጌ በሽታ ነው የሚሉ አሉ። ሚስቶቻቸው ለሌላ ወንድ ሙቿ ሠርተው አያውቁማ!

ለአንተ ስለሆነ ነው የምነግርህ። ባሎቴን ካገባኋት አራት ዓመት ሆነኝ፤ ልጅ የለንም። የወር አበባዋ ሦስት አራት ወር ይጠፋና እንደ ሩቅ ዘመድ ብቅ ይላል። አገጯ ላይ የወጣውን ፀጉር በሻሽ ስትሸፍን እኔ ጣሪያ አያለሁ። እናቴ ደግሞ ሌላ ሴት አግባ እያለች ሽማግሌ ትልክብኛለች፤ ባሎቴም ይህን ታውቃለች። ሐኪም ጋ እሄዳለሁ ስትል ተከተልኳት። ዶክተሩ ፈረንጅ ነው፣ አማርኛ ይሞክራል፤ እሷ ከወላይትኛ በቀር አታውቅም። እኔ ከአራተኛ ክፍል ብወጣም የሶዶ ገበያ ደላላ ነኝ። ስንቱን ሻጭና ገዥ ያስማማሁ ሰው አንድ ዶክተር ያቅተኛል?

አቃተኝ። የወር አበባዋ መቼ እንደመጣ ጠየቀ። እስቲ ፍረደኝ፤ ይህን በሌላ ወንድ ፊት ሚስቴን ልጠይቃት? ደክሞሽ እንደሆነ ይጠይቃል አልኳት። አልደከመኝም አለች። በየወሩ ዝንፍ አይልም ብዬ ተረጎምኩ። ስለ ፀጉሩ ጠየቀ። መንገዱ እንዴት ነበር ይልሻል አልኳት። ጭቃ ነው አለች። አንዲት ፀጉር የላትም ብዬ አስረከብኩ። ዶክተሩ እንዲህ ያለ ጤነኛ በሽተኛ አይቶ ስለማያውቅ እስክሪብቶውን አስቀመጠ። መጋረጃው አጠገብ የቆመችው ነርስ ለካ እዚሁ ወላይታ የጉኑኖ ልጅ ናት፤ በሁለቱም ቋንቋ ያልኩትን ሁሉ ሰምታለች።

«ወንድሜ፣ ውጭ ጥሩ ነፋስ አለ፤ እስቲ ተቀበለው» ብላ በሩን ከፈተችልኝ።

ደላላን የሚያንገበግበው ምንድን ነው ብትለኝ፣ ሻጭና ገዥ ያለ እሱ ሲግባቡ ማየት ነው። በር ላይ ቆሜ ሳዳምጥ፣ ቤት ውስጥ ከሦስት ቃል የማታልፈው ባሎቴ ታወራለች። አለቀሰች። ቆይታ ደግሞ ሳቀች።

ስትወጣ ፊቷ በርቷል። ምን ሰጣት? መርፌ የለ፣ ክኒን የለ። ሆዷን በመሣሪያ አይቶ፣ የእንቁላል ማደሪያዎችሽ ላይ ውሃ የቋጠሩ ትንንሽ ከረጢቶች አሉ፤ እርግማን አይደለም፣ ያንቺም ጥፋት አይደለም፤ ልጅ ሊመጣም ላይመጣም ይችላል፤ እየተመላለስሽ እናያለን ብሏታል። ይኸው ነው። እኔ በዚህ አፍ በቅሎ ላሻሽጥ ብል ገዥው ያንቀኛል። እሱ «ላይመጣም ይችላል» ብሎ ሙቿ ተሠራለት፤ እኔ አራት ዓመት «ይመጣል፣ ይመጣል» እያልኩ ጎደሬ እበላለሁ።

ዛሬ ቀጠሮዋ ነው። ጠዋት፣ ከሄድሽ የእናቴን ምክር እሰማለሁ አልኳት። አፌ ነው እንጂ ልቤ አላለውም፤ እሷ ግን ልብ አይታያትም። ቆጮውን ማሸቷን ስትቀጥል ጊዜ ብሶብኝ፣ ለመሆኑ ያ መላጣ ዶክተር ከእኔ የሚበልጠው በምንድን ነው አልኳት። ሙቿውን የምትጠቀልልበት የእንሰት ቅጠል ልትቆርጥ ወደ ጓሮ እየወጣች ነበር፤ አንተ ከመግባትህ በፊት። በሩ ላይ ዞር አለችና፦

«እሱ ይጠይቀኛል፤ ከጠየቀኝ በኋላ ዝም ይላል። አንተም ሞክረው፤ ሙቿ አይጠፋም።»